ማስታወቂያው መቼ ዝም ይበል?

ደባርቅ ላይ ከቱሪስት ጋር የሚሠራ ልጅ ስልኩ ውስጥ ሙሉ ቢሮ ይዟል። ፌስቡክ ገጽ፣ ቴሌግራም ቻናል፣ የውጭ እንግዳ የሚጽፍበት ዋትስአፕ፣ የወኪሎች ኢሜይል፣ ቴሌብር፣ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብተር። እነዚህ ሁሉ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣውን እንግዳ «ሁለት ቀን ጨምሩና ስሜን ተራሮችን እዩ» የሚለው ማስታወቂያ አልጋ ካለቀ በኋላም ሰው መጥራቱን ይቀጥላል። ቀብድ ለከፈለው ሰውዬ ደግሞ «ሳያልቅ ፈጥነው ይያዙ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

አውቶሜሽን የሚባለው ያሉትን ነገሮች ማስተዋወቅ ነው፤ ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ጉግል ሺት ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይከፈታል፦ ቀን፣ የቀረ አልጋ፣ የቀረ በቅሎ፣ የተያዘ አስጎብኚ፣ የገባ ቀብድ። ከሺቱ ጋር በነፃ የሚመጣው አፕስ ስክሪፕት በየሰዓቱ ያነበዋል፤ ቦታ ካለ በቴሌግራም ቦት በኩል ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፣ ከሞላ ይተዋል። ኮድ የማይወድ ሰው ዛፒየርን ወይም ሜክን ይሞክር። የቴሌብር ማረጋገጫ ኤስኤምኤስ ሲገባ ግን ሠንጠረዡ ላይ ሰው በእጁ ቢሞላው እመርጣለሁ፤ ብር ላይ አንድ የሰው ዓይን አይከፋም። የፓስፖርት ፎቶም እዚያ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁኝ ኤአይ ካፕሽን ይጻፍልኝ ወይ ብለው ነው። ይጻፍላችኋ! ጭላዳ፣ ዋሊያና እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገበ ተራራ ያለው ሰው ካፕሽን አይቸግረውም። እኔን የሚያሳስበኝ ማስታወቂያው የሚቆምበት ሰዓት ነው።

ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ የሚሄድ እንግዳ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኝ ይፈልጋል። ቡኪንጉ ከተዛባ በቅሎውን እየነዳ ከገጠር የመጣው ሰው ቀኑን በከንቱ አጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ዘልቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ነው፤ ደባርቅ ኔት ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። እናንተ መልስ መስጠት ሳትችሉ እሱ ቀድሞ ሰዓት የተሞላለትን ፖስት «ኑ፣ መንገዱ ሰላም ነው» እያለ ይለቃል። አንዱ አምኖት ቢነሳስ?

ባቡር ላይ አሪፍ ዘዴ አለ። ነጂው ፔዳሉን ከለቀቀ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ሺቱም እንደዚያ ይሁን። «ዛሬ ክፍት ነን» የምትል አንዲት ሳጥን ትኑረው፣ በየቀኑ በሰው እጅ የምትሞላ። 24 ሰዓት ሳትሞላ ካለፈች ቦቱ መለጠፉን ያቆምና ለሚጠይቀው ሁሉ «መስመራችን ተቋርጧል፣ ሳታረጋግጡ አትነሱ» ይበል። በዋትስአፕ ቢዝነስ «አሁን የለንም» የሚለው መልስ ለዚህ አይሆንም፤ እሱ የሚሠራው የእናንተ ስልክ ኔት ሲኖረው ነው። የሚከፈልበትን የፌስቡክ ማስታወቂያ ደግሞ ሁለት ሁለት ቀን እየቆረጡ መልቀቅ ይሻላል፤ ካልታደሰ ራሱ ያበቃል።

ሳጥኗን ማን ይሙላ? አስጎብኚው አይሆንም፣ እሱ ተራራ ላይ ነው። የአልጋውንና የበቅሎውን ደባርቅ ከተማ የሚቀር ሰው ይያዘው። ለመንገዱ ግን እኔ ዳባት ያለ ሰው እፈልግ ነበር፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚመጣ መኪና በዳባት ነው የሚያልፈው። ከሁለቱ አንዱ ካልሞላ የዚያን ቀን ምንም አይለጠፍም።