ወጌሻና ታማሚ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ለታማሚው ብቻ የተነገረ ምክር ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ለአካሚውም የሚሆን ትምህርት አለበት፤ ታማሚው በሽታውን እንዳይደብቅ የሚያደርገው የአካሚው አቀባበል ነውና።

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ጭሮ፣ ማለት ወደ ቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ የሚጓዝ መንገደኛ አሰቦትና ሚኤሶ ከመድረሱ በፊት ቦርደዴን ያገኛል። አገሩ ቆላ፣ ዱሩ ግራር ሲሆን በግመል፣ በከብትና በፍየል የሚተዳደር አርብቶ አደር ይበዛበታል። እንዲህ ባለው አገር አንድ እረኛ ወድቆ ክንዱ ቢወልቅ፣ ወላጆቹ አስቀድመው የሚያስቡት ብዙውን ጊዜ ወጌሻውን ነው። ሆስፒታሉ ጭሮ ነው፤ ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው። በኦሮምኛም ባለሙያ የሆነ ሰው ኦጌሳ ይባላልና ስሙ ራሱ ለጆሮ እንግዳ አይደለም።

ወጌሻው ልጁን እንዳየ ወዲያው ክንዱን አይስብም። ሰላምታው ይቀድማል፤ የቤተሰቡ፣ የከብቱና የዝናሙ ነገር ይጠየቃል። ቀጥሎ ልጁ በየት በኩል እንደ ወደቀና ስንት ቀን እንደ ሆነው ያጣራል። ይህ ሁሉ ለወጉ ያህል ብቻ የሚደረግ እንዳይመስለን። የፈራ ሰው ጡንቻውን ይገትራል፤ የተገተረ ጡንቻ ደግሞ የወለቀው አጥንት ወደ ቦታው እንዳይመለስ ይከለክላል። ስለዚህ ለወጌሻው ጨዋታው ራሱ የሥራው መሣሪያ ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህን ነገር በቁጥር መዝነውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት 262 የአንጀት ሕመምተኞችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንደኞቹ ተራ ብቻ ጠበቁ፤ ሁለተኞቹ ቆዳ የማይወጋ የማስመሰያ መርፌ ያለብዙ ንግግር ተደረገላቸው፤ ሦስተኞቹ ግን ያንኑ መርፌ ሲያገኙ አካሚው ጊዜ ወስዶ በርኅራኄ አጫወታቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ መሻል ያገኙት ከመቶው 28፣ 44 እና 62 ሆነው ተገኙ።

ይሁን እንጂ መልካም ቃል የማይደርስበት ወሰን አለ። የተሰበረ አጥንት በእንጨትና በጨርቅ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጣት ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል። በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። እዚህ ላይ መታመን ራሱ አደጋ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ወጌሻውን አምኖ ቀኑን ያሳልፋልና።

ስለዚህ የወጌሻ ትልቁ ሙያ «ይህ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ዛሬውኑ ጭሮ ውሰዱት» ማለትን ማወቅ ነው። ይህን ቃል ከርሱ አፍ የሰማ ቤተሰብ አያመነታም። በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫም የባህል አካሚዎች እንዳስፈላጊነቱ ተገቢው ሥልጠና ተሰጥቷቸው ከጤና ሠራተኞች ጋር እንዲሠሩ የሚል ሐሳብ ይዟል።

ሐኪሙም በበኩሉ ከወጌሻው የሚማረው አለው። «ለምን ወጌሻ ቤት ሄድክ?» ተብሎ የተቆጡት ታማሚ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ይሸሽጋል። ያን ጊዜ በሽታው የተደበቀው በታማሚው ጥፋት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።