ለጫጉላ ጉዞ የሚስማማው ሐይቅ የትኛው ነው?
ከቢቸናና ከሞጣ ለሚነሡ ነጋዴ ሙሽሮች

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት በቢቸናና በሞጣ የሠርግ ድንኳን ያልተተከለበት ሠፈር ማግኘት ያስቸግራል። በነዚህ ሳምንታት የባለሱቁ ገበያ ይደራል፤ የጥሎሹ ልብስ፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሚዜዎቹ ጫማ ሁሉ ከእርሱ ዘንድ ይገዛል። ሙሽራው ራሱ ባለሱቅ የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሰው ሁሉ በሚገዛበት ወቅት ሱቁን ዘግቶ፣ የዕቁብ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድም በኪሱ፣ አንድም በሚቀርበት ሽያጭ። ስለዚህ የሚሄድበትን ስፍራ እንደሚያስመጣው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ መርምሮ መምረጥ ይገባዋል።

በቀድሞው ልማድ ሙሽሮች ወዴትም አይጓዙም ነበር። ለእነርሱ በተዘጋጀው ጫጉላ ውስጥ ሚዜዎች እየተላላኩላቸው ይሰነብታሉ እንጂ ሻንጣ የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም። ዛሬ ጎጆው እየቀረ ስሙ ለጉዞው ተላልፏል፤ የጫጉላ ሽርሽርም ይባላል። የጥንቱ ጫጉላ ዓላማ ሁለቱ ወጣቶች ከዘመድና ከሥራ ተለይተው እንዲተዋወቁ ነበርና፣ አዲሱም ጉዞ የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ብዙ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ብዙ ሳይነጋገሩ መመለስ ከንቱ ወጪ ነው።

ከብዙ ሙሽሮች አፍ የሚሰማው ምኞት ተራራና ሐይቅ አንድነት የሚታዩበት ስፍራ ነው። የቢቸናና የሞጣ ሰው ተራራ አልቸገረውም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ቆሞ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ሱሃን፣ ሙጋን፣ ጨሞጋንና ሌሎችንም አያሌ ወንዞች የሚያፈልቀው ይህ ተራራ ለራሱ አንድ ሐይቅ እንኳ አላስቀረም። ሐይቅ እንዲፈጠር ውሃ የሚታቆርበት የተዘጋ ጎድጓዳ ስፍራ ያስፈልጋል፤ የጮቄ ወንዞች ግን መሬቱን እየሸነሸኑ ቁልቁል ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ሐይቅ የፈለገ ሙሽራ እንግዲህ መንገድ መጀመሩ ግድ ነው።

አስቀድሞ የሚታሰበው ጣና ነው። ባሕር ዳር ከሞጣ በአዴት በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከቢቸና ለሚነሣ ሰው እስከ ሞጣ ያለው መቶ ያህል ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሐይቁን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ለሙሽሮች የሚጠቅመው ነገር ግን ይህ ማዕረግ ሳይሆን በውሃው ዳር በየዋጋው ሆቴል መኖሩ፣ ዓሣው፣ ጀልባውና ማታ ማታ በሐይቁ ዳርቻ ባሉት ዛፎች ሥር መንሸራሸሩ ነው። የፈለገውን ያህል ገንዘብ የያዘ ሰው እንደ አቅሙ ማደሪያ ያገኛል፤ ይህም በሌሎቹ ሐይቆች ሁሉ የማይገኝ ነው።

በጀልባ ከመሳፈር በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል። በስሎቬኒያ አገር፣ ብሌድ በሚባለው የተራራ ሐይቅ መካከል፣ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ትንሽ ደሴት አለች። ወደ እርሷ 99 ደረጃዎች ይወጣሉ፤ በአገሩ ልማድ ሙሽራው ሙሽራይቱን ተሸክሞ ደረጃዎቹን ይወጣል። በጣና ይህ ነገር በሁሉም ደሴት አይሞከርም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ጥንት ሥርዐታቸው ሴት አያስገቡም። ይህን ሳይጠይቅ ጀልባ የተከራየ ሙሽራ እርሱ ገዳሙን ሲሳለም ሙሽራይቱ ከጀልባው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ ለትዳር መጀመሪያም መልካም ምልክት አይደለም። በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁለቱም ክፍት ነው፤ የግድግዳ ሥዕሎቹም እጅግ የታወቁ ናቸው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ያልፋልና፣ ነጋዴው ሙሽራ የዘጌን ቡና ዋጋ ሳይጠይቅ ያልፋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ይፈቀድለት።

የጣና ጉድለቱ ተራራማ አለመሆኑ ነው። ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ቀኑ ይሞቃል፤ በተለይም ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ሙቀቱ ይበረታል። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ አጎበር የሌለውን ክፍል አለመቀበል ይበጃል። በዳርቻው ውሃ ውስጥ መዋኘትም የቢልሃርዝያ በሽታ ስለሚያሰጋ መተው ነው። የጢስ ዐባይን ፏፏቴ ለማየት የሚጓጉም ይኖራሉ። ፏፏቴው ሞልቶ የሚያስገመግመው ክረምቱ ሲያልቅና በመስከረም፣ በጥቅምት ነው፤ በጥር ወር የሚሄድ ሙሽራ ግን በሥዕል ያየውን ላያገኝ ይችላል፤ በፏፏቴው አጠገብ ያሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም ከዚያው ወንዝ ይካፈላሉ።

ሁለተኛው ስፍራ ዘንገና ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ከጣና እጅግ ያነሰ ነው፤ የተራራ ሐይቅ ለሚሻ ሰው ግን ከጎጃም ምድር የሚስተካከለው አይገኝም። በቀድሞ ስሟ ኮሶበር ከምትባለው ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር መሆኑ ተመዝግቧል። ከጣና ጋር ሲነጻጸር በስፋቱ እንደ አንድ ስኒ ውሃ ነው፤ በጥልቀቱ ግን ጣናን ከዐሥር ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ዙሪያው በዛፍ የተከበበ ነው፤ ጦጣዎቹ የተጓዡን ዳቦ ሳያዩ አያልፉም። ከከንፈሩ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱት ነፋስ የማይደርስበት ቀን ውሃው እንደ መስተዋት ይሆናል። ዳርቻው ቁልቁለትና ወዲያው የሚጠልቅ በመሆኑ ዋና የማይችል ሰው ከውሃው መራቅ አለበት።

ዘንገና ሲመሽ ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ በጥርም ቢሆን ሌሊቱ ከባድ ነው። ሁለት ጋቢ የያዘ ይበቃዋል፤ አንድ ጋቢ የያዙትም ሙሽሮች ናቸውና አይቸገሩም። ማደሪያው እንጅባራ ላይ ነው፤ እንደ ባሕር ዳር የበዛ ምርጫ መጠበቅ አይገባም። ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን በእንጅባራ ያከብራሉ። ያጌጡት ፈረሶች፣ ጉግሱና ሽርጡ ለሙሽሮች ከማንኛውም ሲኒማ የሚበልጥ ትርኢት ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ሰሞን ማደሪያ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል። ከአዊ ደጋ የሚቆረጠው ቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ ሆኖ በዚያ አካባቢ ይሸጣል፤ አዲስ ቤት ለሚያደራጁ ሁለት ሰዎች ይህን ማስታወስ አይጎዳም።

ሦስተኛው ምርጫ ወንጪ ነው። ይህም ሐይቅ እንደ ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዙሪያውን የከበበው ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከላይ በፈረስ ወርዶ በጀልባ ተሻግሮ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለባት ደሴት ይደረሳል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም አዲስ ማረፊያ ተሠርቶለታል። በውበት ረገድ ከሦስቱ አንደኛ የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሊሳሳቱም አይችሉም ይሆናል። ለቢቸና ሰው ግን እስከ አዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዐባይንም በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚጀመር መንገድ ነው።

ወንጪን የሚመርጡ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት «ለዕቃ ወደ መርካቶ መሄዴ አይቀርም፤ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ» የሚል ነው። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። መርካቶ የገባ ነጋዴ ግን በአንድ ቀን እንደማይወጣ የዚህ ገጽ አንባብያን ሁሉ ያውቃሉ። ጅምላ ሻጩ ነገ ይላል፤ የጭነት መኪናው ተነገ ወዲያ ይላል፤ ሙሽራይቱም በሆቴል መስኮት የአዲስ አበባን ጣሪያ ስትቆጥር ትሰነብታለች። ሁለቱን ጉዳይ መለያየት ይሻላል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ወደሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሕዝብ የሚበዛበት መሆኑን ግን አስቀድሞ ይወቅ። ሐይቅ እስጢፋኖስና አሸንጌ ውብ ቢሆኑም ለምሥራቅ ጎጃም ሰው በጣም ሩቅ ናቸው።

እንግዲህ ከቢቸና የሚነሣ ሙሽራ የመንገዱን ካርታ ቢዘረጋ አንድ የሚያስደስት ነገር ያገኛል። ጣናና ዘንገና በአንድ ቀለበት መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። ከቢቸና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይገባል፤ ከባሕር ዳር በዳንግላ በኩል እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእንጅባራ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ ደጀን ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ቢቸና ይመለሳል። የመጨረሻው ጉዞ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቀለበቱ በሙሉ ከ600 ኪሎ ሜትር አይርቅም። በባሕር ዳር ሦስት ሌሊት፣ በእንጅባራ ሁለት ሌሊት ቢያድሩ፣ በስድስተኛው ቀን ማታ ቤታቸው ይገባሉ። በሙቀቱ ሐይቅ ጀልባና ዓሣ፣ በብርዱ ሐይቅ ጸጥታ ያገኛሉ፤ የሄዱበትንም መንገድ ሁለተኛ አያዩትም። ለሞጣው ሙሽራ ግን ከእንጅባራ በባሕር ዳር መመለሱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያጥርለታል፤ ቀለበቱን ለመዝጋት ብሎ አንድ ቀን ባያጠፋ ይሻላል።

በዚሁ ቀለበት ከቡሬ ወዲህ ማንኩሳ አለች። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን የበዛብህ አገር አድርጎ ያውቃታል፤ ሰብለ ወንጌል የኖረችበት ዲማም ከቢቸና ሩቅ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የሁለቱን ፍቅረኞች ፍጻሜ አሳዛኝ ቢያደርገውም፣ በሰላም ተጋብተው በመኪና የሚያልፉ ሙሽሮች ስሙን አንሥተው ቢጨዋወቱበት ያምራል።

ለንግድ ማኅበረሰቡ የሚያሳስብ ሌላም ነገር አለ። በ1950ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን ቱሪዝም ሲያቋቁሙ የታሪክ መሥመር የተባለው ጉዞ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ያያያዘ ነበር፤ ምሥራቅ ጎጃም ከመሥመሩ ውጭ ቀረ። የቢቸና ሙሽራ ገንዘቡን ባሕር ዳር ላይ ሲያወጣ፣ የባሕር ዳር ሙሽራ ግን ጮቄን ለማየት ወይም ከሞጣ ወዲያ በዐባይ ላይ ያለውን የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሰባራ ድልድይ ለመጎብኘት ሲመጣ አይታይም። ንጹሕ አልጋና ትኩስ ውሃ ያለው ማደሪያ፣ መንገድ የሚያውቅ መሪና ሁለት በቅሎ ቢዘጋጅ ዋጋ የማያወጣበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ ባደረሰው ግጭትና ከዚያም ወዲህ መንገዶች ሲዘጉ፣ ሆቴሎች ባዶአቸውን ሲያድሩ፣ ሠርግም ሲዘዋወር ታይቷል። ስለዚህ ማንም ሙሽራ ከመነሣቱ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን ከተመላለሱ ሹፌሮች መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መጓዝ፣ ለማደሪያም ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ አለመክፈል ይገባዋል። መንገዱ የማይቻል ከሆነ ጉዞውን እስከ መስከረም ማቆየት ነውር አይደለም። በዚያን ጊዜ ዐደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፤ ጢስ ዐባይም ይሞላል፤ የሠርጉ ሰሞን ገበያም ያለፈ ስለሆነ ሱቁን ለስድስት ቀን መዝጋት እንደ ጥር አይጎዳም።

የቀረው ምርጫ የሙሽራይቱ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ጉዞውን ሁሉ ብቻቸውን ወስነው ለእርሷ የሚነግሯት መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ብርድ የማትወድ፣ ጀልባ የሚያስፈራት፣ ወይም ከሁሉ ይልቅ ዑራን መሳለም የምትመኝ ልትሆን ትችላለች። ሆቴል በስልክ ከመያዙ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጦ ቢጠይቃት ከወጪ አንድ ሳንቲም አይጨምርበትም።