ጫካ አድሮ ወፍ ማየት፦ ስልካችሁ ያግዛል፣ ስልካችሁ ያባርራል

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከአገራችን ውጪ የትም የማይገኙ አሉ። እነሱን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ድረስ ገንዘብ አጠራቅሞ የሚመጣ ሰው አለ። እኛ ጋ ግን ወፍ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እርግብና ቁራ ነው።

አሁን አሁን የሳምንት መጨረሻ የእግር ጉዞ በወጣቱ ዘንድ ተለምዷል። ዛሬ ከዚያ አንድ እርምጃ አልፈን ጫካ ውስጥ ባለ ማረፊያ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት አድሮ ወፍ ስለማየት እናውራ።

ለምን ማደር ያስፈልጋል?

ወፎች በደንብ የሚታዩትና የሚሰሙት ጎህ ሲቀድና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው። ትንሽ ደግሞ አመሻሽ ላይ። ጠዋት ከከተማ ተነስታችሁ እኩለ ቀን ላይ ጫካ ብትደርሱ፣ አብዛኞቹ ጥላ ይዘው ዝም ብለዋል። «ምንም የለም እኮ!» ብሎ መመለስ ነው። እዚያው ካደራችሁ ግን ገና ከአልጋ ሳትወርዱ ድምፃቸው ይመጣል። የጉጉት ነገር ደግሞ የሌሊት ነው።

የት እንሂድ?

ለምሳሌ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንውሰድ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያለው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲንሾ ነው። እዚያው ግቢ፣ በጽድና በኮሶ ዛፎች መሐል ቀላል ማረፊያ ቤት አለ። ምግባችሁን ራሳችሁ ታበስላላችሁ፤ በር ላይ ከርከሮ፣ ትንሽ ወጣ ስትሉ የደጋ አጋዘን ልታዩ ትችላላችሁ።

ከዲንሾ በመኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ሳነቲ አምባ ይወጣል። እዚያ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን የአገራችንን ዝይ ታገኛላችሁ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ቤቱ እዚያ ነው። ከሳነቲ በስተደቡብ ቁልቁል ሲወረድ የሐረና ደን ይጀምራል፤ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀንና ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ የሚፈለጉት እዚህ ነው። ቱራኮው ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገለጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፤ ከቱራኮ ዘመዶች ውጪ በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ስልካችሁ እንምጣ

«መርሊን» የሚባል የወፍ መለያ መተግበሪያ አለ። የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል የሠራው ነው፣ ነፃ ነው። ፎቶ ስትሰጡት፣ ወይም መጠኑንና ቀለሙን ስትነግሩት «ይሄ ሳይሆን አይቀርም» ይላችኋል። ድምፅ ሰምቶ የሚለየው ክፍሉ ግን ሁሉንም የአፍሪካ ወፎች አያውቅም። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይታመን የአካባቢውን ጥቅል ቀድማችሁ አውርዱ። ያያችሁትን «ኢበርድ» ላይ ብትመዘግቡ ደግሞ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ችግሩ እነዚሁ መተግበሪያዎች የወፍ ድምፅ ማጫወትም ይችላሉ። ወፍ በዛፍ ተሸፍኖ አልታይ ሲል ድምፁን ለቆ መጥራት ቀላል ይመስላል። ይሠራልም። ግን ለምን እንደሚሠራ እንወቅ።

ወፍ የሚዘፍነው እኛን ለማስደሰት አይደለም። ብዙ ጊዜ «ይሄ ሰፈር ተይዟል፣ እንዳትጠጉ» ማለቱ ነው። የራሱን ዝርያ ድምፅ ከስልካችሁ ሲሰማ ተቀናቃኝ የመጣበት ይመስለውና የያዘውን ትቶ ይወጣል። እናንተ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱ የሌለ ተቀናቃኝ ሲፈልግ ይቆያል። በዚያ ሰዓት አይመገብም፣ ጎጆውንም አይጠብቅም። አንድ ቡድን አንድ ጊዜ ቢያደርገው ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን እዚያው ዛፍ ሥር በየሳምንቱ ሌላ ቡድን ይቆማል።

ስለዚህ አስጎብኚውን «አንዴ ብቻ ልቀቅለት» ብላችሁ አታስጨንቁት። ስፒከር ይዞ መሄድማ አይነሳ። ጎጆ ካገኛችሁ ቦታውን በፎቶው ላይ አትለጥፉ። ጉጉት ላይ ፍላሽ አታብሩ።

ምን እንያዝ?

• ባይኖኩላር። «8x42» የሚል ከሆነ 8ቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። ሰፋ ያለ መስታወት ጨለምለም ባለ ደን ውስጥ ይጠቅማል። ከሌላችሁ ለሦስት ለአራት ሰው አንድ ተዋሱ።
• ወፍራም ልብስ። ዲንሾ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል።
• ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ፣ ፓወር ባንክ፣ ባትሪ።
• ጊዜ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹ ወፎችም እኛ ጋ ናቸው።
• ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። አልጋ መኖሩን፣ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያውን፣ ከሁሉም በላይ የመንገዱን ሰላም አጣሩ።

ለአስጎብኚ የምትከፍሉትን እንደ ትርፍ ወጪ አትዩት። ዲንሾ ግቢ ውስጥ ጉጉት ቀን የትኛው ዛፍ ላይ እንደምትተኛ የሚያውቁት የአካባቢው ልጆች ናቸው። እናንተ ብቻችሁን ብትሆኑ ከሥሯ ታልፋላችሁ፣ አታዩአትም። ደኑን ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለማገዶ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ደኑ ቆሞ እንዲቆይ የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ እንጀራው ነው። ዛፉን እየነቀነቅን፣ እየጮህን ጉጉቷን ካባረርናት በሚቀጥለው ሳምንት ለሚመጣው እንግዳ የሚያሳየው አይኖረውም።