የንስሮችን ጉዞ ለማየት መቼና ወዴት?

እኛ የድሬ ዳዋ ተማሪዎች ወፎችን ለማየት ወደ ውጭ አገር እንሂድ ስንል፣ አስቀድመን የምናነሣው የአገሩን ስም ነው። በእኔ አስተያየት ግን ወሩ መቅደም አለበት።

ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ከዚህ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጂቡቲ። ንስርን የመሳሰሉ ታላላቅ አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከጋለ መሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ነው። ይህ አየር በባሕር ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከእስያ ወደ አፍሪካ ሲመጡ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ፤ ይኸውም ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጂቡቲ በኩል የቆሙ ቈጣሪዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ መዝግበዋል። ከነዚህም የስቴፕ ንስር ብቻውን ከ70,000 በላይ ነበር። ይኸው ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ወገን ተመድቧል።

ታዲያ የፋሲካ ዕረፍት ሲደርስ ብንሄድስ? ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የስቴፕ ንስር ሲመለስ በአብዛኛው የሚያልፈው በሌላ መንገድ፣ በስዊዝ በኩል ነው። በሚያዝያ ከኦቦክ ጠረፍ መነጽር ይዞ የሚቆም ሰው ጥቂት ንስርና ብዙ ፀሐይ ያገኛል። (በዳይ ደን የሚኖረውን የጂቡቲ ቆቅ ለሚሻ ወሩ ይህን ያህል አያስጨንቅም፤ እርሱ አይሰደድም።)

ደኅናው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ትምህርት የሚጠነክርበት ወቅት መሆኑ ግን ያሳዝናል። የእኔ ገንዘብ ለአንድ ጉዞ ብቻ ስለሚበቃ፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቄ በጥቅምት መሄድን መርጫለሁ።