ላባ የማይገልጠው ውርስ፦ የቀለም ሚውቴሽን በሶሳይቲ ፊንች

ሶሳይቲ ፊንች የተባለችው ትንሽ የቤት ወፍ በዱር አትገኝም። የዘር ምንጯ በእስያ የሚኖረው ነጭ ወገብ ሙኒያ ነው፤ ከ250 ዓመታት ገደማ በፊት ከቻይና ወደ ጃፓን ገብታ በሰው እጅ ስትራባ ቆይታለች። የጃፓን አርቢዎች የመረጧት ጫጩት በማሳደግ ትጋቷና በላባዋ ቀለም እንጂ በዝማሬዋ አልነበረም። ሆኖም የካዙኦ ኦካኖያና የባልደረቦቹ ጥናቶች የቤቷ ወፍ ዝማሬ ከዱር ዘመዷ ዝማሬ ይልቅ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል። ወፏ በድምፅ ትምህርት ምርምር ተፈላጊ የሆነችውም በዚህ ነው። ለምርምርም ሆነ ለእርባታ የሚመረጡት ወፎች በቀለማቸው ብቻ ከተለዩ ግን ውሳኔው ሊያሳስት ይችላል፤ ቀለም የሚወረስበት መንገድ አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው መንገድ ከጾታ ክሮሞሶሞች ውጭ የሚተላለፍ ድብቅ ውርስ ነው። ፈዛዛ ቡናማ ቀለም የሚታየው ጫጩቱ ከሁለቱም ወላጆች የጂኑን ቅጂ ሲወርስ ነው። ሁለት ጥቁር ቡናማ ተሸካሚዎች ቢጣመሩ በአማካይ ከአራት ጫጩቶች አንዱ ፈዛዛ ይሆናል፤ ከቀሩት ሦስት ጥቁር ቡናማዎች ሁለቱ ተሸካሚዎች ቢሆኑም በዓይን አይለዩም። የሚለዩት በፍተሻ ድቅያ፣ ማለትም ከፈዛዛ ወፍ ጋር በማጣመር ነው። አንድ ፈዛዛ ጫጩት ከተፈለፈለ ተሸካሚነቱ ይረጋገጣል። አምስቱም ጫጩቶች ጥቁር ቡናማ ከሆኑ ግን ወላጁ ተሸካሚ ሆኖ ሳለ ሳይታወቅ የማለፉ ዕድል ከ32 አንድ፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ከጾታ ጋር የተያያዘ ውርስ ነው። በወፎች ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞሶሞች ሲኖሩት ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። ፐርል የተባለው ቀለም ድብቅ ሆኖ በዜድ ክሮሞሶም ይተላለፋል። ስለዚህ ፐርል ወንድ ከተለመደው ቀለም ሴት ጋር ሲጣመር ሴት ጫጩቶች ሁሉ ፐርል፣ ወንዶቹ ደግሞ ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ይህ ለተመራማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። የሁለቱ ጾታዎች መልክ አንድ ዓይነት ሲሆን የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው፤ በዚህ ጥምረት ግን ወንዱ ገና ዝማሬ ሳይጀምር በላባው ይለያል።

ሦስተኛው የቡራቡሬነት ውርስ ነው። የነጩ ላባ ስፋት ከወፍ ወፍ ስለሚለያይ በቀላል የሜንዴል ስሌት አይተነበይም። ነጩ ላባ መላ አካልን ሲሸፍን ወፏ ነጭ ትባላለች፤ ዓይኗ ግን ጥቁር ነው። ሜላኒን የሌላት አልቢኖ ደግሞ ዓይኗ ቀይ ነው። ሁለቱ በላባ ቢመሳሰሉም የንጣታቸው ምክንያት የተለያየ በመሆኑ በአንድ ስም መመዝገብ የለባቸውም።

ጉዳዩ ከስያሜ ያለፈ ነው። ወንድ ጫጩት ዝማሬን የሚማረው በአብዛኛው ከአባቱ ነው፤ ቀለሙንም በከፊል ከእርሱ ይወርሳል። ስለሆነም ነጭ ወፎች ከቡናማዎቹ የተለየ ቢዘምሩ፣ ልዩነቱ የቀለም ጂን ውጤት ሳይሆን የቤተሰብ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው የእያንዳንዱን ወፍ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና ወንድም እህቶች የሚያሳይ፣ በእግር ቀለበት ቁጥር የተያዘ የዘር ሐረግ መዝገብ ነው።