ቢጫ ነበልባል ምን ይናገራል?

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቡንሰን በርነር ለኩሶ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ልብ ሳይል አይቀርም፤ በቱቦው ግርጌ ያለው የአየር መግቢያ ሲዘጋ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ይወላወላል፤ ሲከፈት ደግሞ ሰማያዊና ቀጥ ያለ ይሆናል። መሣሪያውን ሮበርት ቡንሰን እ.ኤ.አ. በ1855 በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ከመሣሪያ ሠሪው ከፔተር ዴዛጋ ጋር ሆኖ ነበር ለሥራ ያበቃው። ዛሬ በብሪታንያ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች የሚገኘው የጋዝ ቦይለርም የዚሁ መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ነው።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እናጥራ። በአገራችን ከተሞች ቦይለር ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የመታጠቢያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ነው፤ ጋዝ ሲባልም ብዙ ሰው ነጭ ጋዝን ያስባል። እዚህ የምንነጋገርበት ቦይለር ግን በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ እያነደደ ለክፍሎች ማሞቂያና ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ጋዙም በአብዛኛው ሚቴን ነው።

አንድ የሚቴን ሞሌኪውል ሙሉ በሙሉ ነዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ እንዲለወጥ ሁለት የኦክስጅን ሞሌኪውሎች ያስፈልጉታል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን የሆነው 21 በመቶው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 1 ሜትር ኩብ ሚቴን 9.5 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይጠይቃል። አየሩ ሲያንስ የካርቦኑ ከፊል ሳይነድ በጥቃቅን የጥላሸት ብናኝ መልክ ይግላል፤ ቢጫው ብርሃን የሚመነጨው ከእነዚህ የጋሉ ብናኞች ነው። ሌላው ከፊል ደግሞ ከመንገድ ቀርቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚፈጥረው ትስስር ከኦክስጅን ትስስር ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ በመሆኑ፣ ደሙ ኦክስጅን ማመላለሱን ያቆማል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚሁ ጋዝ ነው።

እንግዲህ ቦይለርን መፈተሽ ማለት በዋናነት የጋዝና የአየርን ምጣኔ መፈተሽ ነው። ባለሙያው የጋዙን ግፊት ይለካል። በብሪታንያ ወደ ቤት የሚገባው ጋዝ መደበኛ ግፊት 21 ሚሊባር ነው፤ በፊዚክስ ትምህርት በምናውቀው የውኃ ማኖሜትር ሲለካ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ያሳያል። የመኪና ጎማ ግፊት ከዚህ 100 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ቀጥሎ በርነሩ ላይ ያለው ግፊት ተለክቶ አምራቹ ከጻፈው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። በአሮጌዎቹ ቦይለሮች ልዩነቱ የሚስተካከለው በጋዝ ቫልቩ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ብሎን ነው።

ችኮላ ጉዳት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ነበልባሉ ቢጫ ስለሆነ ጋዙ በዝቷል ብሎ ብሎኗን ማዞር ቀላል ነው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት የጋዙ መብዛት ሳይሆን የአየሩ ማነስ ነው፤ ከምንጣፍና ከልብስ የሚነሣ ብናኝ የበርነሩን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል፣ ጥላሸትም የጭሱን መተላለፊያ ያጠበዋል። ጋዙ ሲቀነስ ነበልባሉ ለጊዜው ያምርበታል፤ ድፍኑ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ማጽዳት ይቀድማል፣ መለካት ይከተላል፣ ብሎኗ የምትነካው በመጨረሻ ነው።

ከመቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ ለዚህ ጸሐፊ እጅግ የሚደንቀው ቴርሞካፕል ነው። የሁለት የተለያዩ ብረቶች መጋጠሚያ በአንድ ወገን ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ክስተቱን ቶማስ ዜቤክ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። በአሮጌው ቦይለር ውስጥ ዘወትር የምትነድ ፓይለት የምትባል ትንሽ ነበልባል ይህን መጋጠሚያ ታሞቃለች። የሚገኘው ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ ሃምሳኛ እንኳ ቢሆን ነው። ቢሆንም የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ለሚይዝ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ይበቃዋል። ነፋስ ፓይለቷን ቢያጠፋት መጋጠሚያው ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። ሽቦው ቢበጠስም ውጤቱ ያው ነው። መሣሪያው ከውጭ ምንም ኃይል አይፈልግም፤ ሲበላሽም የሚበላሸው ወደ ደኅንነቱ ወገን ነው። ፍተሻውም ቀላል ነው፦ ፓይለቷን አጥፍቶ ሰዓት እየቆጠሩ ቫልቩ ሲዘጋ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ መጠበቅ። በአዳዲሶቹ ቦይለሮች ፓይለት የለችም፤ ነበልባሉ ራሱ በያዛቸው አዮኖች አማካይነት ጥቂት ማይክሮአምፔር ያስተላልፋል፣ መቆጣጠሪያውም መብራትና መጥፋቱን ከዚያ ያውቃል።

እነዚህ አዳዲስ ቦይለሮች ጋዙንና አየሩን በማራገቢያ አስቀድመው ስለሚቀላቅሉ የነበልባሉን ቀለም በዓይን ማየት እምብዛም አይጠቅምም። ስለዚህ የሚለካው ጭሱ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይካፈላል፤ የተለመደው የድርሻው ጣሪያ 0.004 ነው። ለምን በድርሻ? ትርፍ አየር ጭሱን ሲያቀጥነው ሁለቱም ጋዞች እኩል ይቀጥናሉ፤ ድርሻው ግን አይለወጥም። በአሮጌውም ቢሆን ሰማያዊ ነበልባል ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ የጭስ ማውጫው ቢደፈን ክፍሉ በገዛ ጭሱ ይታፈናል። በብሪታንያ ሕግ ይህን ሥራ በሙያ የሚሠራ ሰው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ መመዝገብ ያለበትም ስለዚህ ነው።

በአገራችን የተፈጥሮ ጋዝ ቦይለር የሚያጋጥመው ሰው ጥቂት ነው፤ ዘመድ ከአውሮፓ የላከው የጋዝ ምድጃ ግን ያጋጥማል። እንዲህ ያለው ምድጃ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ደግሞ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ፕሮፔን 24 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይጠይቃል። በመሆኑም ለሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ምድጃ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ቀዳዳው ሳይለወጥ ምድጃው ከሲሊንደር ጋር ከተገጠመ ነበልባሉ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፣ የድስቱም ቂጥ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ድስቱን ከመፈተግ በፊት ጋዙን ዘግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ቀዳዳውን የሚለውጥ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።