ኳሱን አቀብሎ ምቱን የተቀበለ ሰው

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፥ በእርሻ ወራት ጥማድ በሬ ሲያርስ ይታያል። አዝመራው ባማረ ጊዜ የሚመሰገነው ገበሬው ነው፤ ቀንበሩ የበሬውን ትከሻ እንዴት እንደላጠው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በስፖርት ዓለምም እንዲህ ያለውን ሸክም የሚሸከም ሰው አለ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአንዱን ታሪክ ነው።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ሞላላው ኳስ በእጅ ይያዛል፥ ይወረወራል፤ ተጫዋቾቹም የራስ ቁር ደፍተው ይጋጫሉ። በየወገኑ ከሚሰለፉት 11 ሰዎች መካከል፥ በአጥቂው ወገን 5ቱ ከፊት መሥመር ይቆማሉ። የእነዚህ ሥራ ኳስ ይዞ መሮጥ ሳይሆን፥ ኳስ ለያዘው ጓደኛቸው በገላቸው መንገድ መክፈትና እርሱን ከተጋጣሚ መከላከል ነው። ከአምስቱ መካከለኛው ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብልና ወዲያው ምቱን ይቀበላል።

ማይክ ዌብስተር በዚህ ቦታ ስመ ጥር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በዊስኮንሲን ግዛት ተወልዶ በድንች እርሻ ላይ አደገ። በ1974 ፒትስበርግ ስቲለርስ ከተባለው ቡድን ገብቶ 15 ዓመት ሲጫወት፥ ቡድኑ አራት ጊዜ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ አገኘ። ካንሳስ ሲቲ ሁለት ዓመት ጨምሮ በ17 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ጽናቱን ያዩ ሰዎች «ብረቱ ማይክ» ይሉት ነበር፤ በ1997ም ስሙ ከክብር አዳራሽ ገባ።

ይሁን እንጂ ብረት የተባለው ሰው ከውስጥ ተጐድቶ ነበር። ማስታወስ ተሳነው፤ እንቅልፍ አጣ፤ ገንዘቡም አልቆ አንዳንድ ሌሊት በመኪናው ውስጥ ያድር ጀመር። በ2002 በ50 ዓመቱ ዐረፈ።

አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነው። አንጐሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤናማ ይመስል ነበር። ኦማሉ ግን በዚህ አልረካም፤ በስሱ አስቈርጦ በማይክሮስኮፕ ቢመለከተው፥ ታው የተባለ ፕሮቲን ያለ ቦታው ተከማችቶ አገኘ። ይህንንም በ2005 ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ አልተሰረዘም። በ2016 አንድ የሊጉ ባለሥልጣን በጨዋታውና በዚህ በሽታ መካከል ግንኙነት መኖሩን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት አመነ።

የሚያሳስበው ነገር፥ ጉዳቱ ራስን በሚያስት ትልቅ ምት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ለዓመታት የሚደጋገም ትንሽ ምትም አንጐልን ይጐዳል። መካከለኛው ተጫዋች ደግሞ ኳስ ባቀበለ ቍጥር ይጋጫል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ልጆች በገና ጨዋታ በዱላና በጥንግ ይመታሉ፤ በእግር ኳስም ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ራሱን የተመታ ልጅ ሲፈዝ፥ ሲያስመልሰው ወይም ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግም፥ «ወንድ አይደለህም ወይ?» ብሎ ወደ ሜዳ መመለስ ጀግንነት አይደለም። ከጨዋታ አስወጥቶ ለሐኪም ማሳየት የአስተማሪውም፥ የአሠልጣኙም፥ የጓደኛውም ግዴታ ነው።

ዐዋቂ ገበሬ የበሬው ትከሻ መላጡን ሲያይ፥ እርሻው ባያልቅም ቀንበሩን ያወርዳል።